ሳተርን 274 ጨረቃ አለው ሲባል ምን ተቆጠረ?

በመጋቢት 2017 ዓ.ም. የሳተርን የታወቁ ጨረቃዎች ቁጥር በአንድ ጊዜ ከ146 ወደ 274 ዘለለ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ደግሞ የዩራነስ ጨረቃዎች ከ28 ወደ 29 ከፍ አሉ። ብዙም ሳይቆይ «ምድር እስከ እ.ኤ.አ. 2083 ድረስ ሁለት ጨረቃ ይኖራታል» የሚል ወሬ በማኅበራዊ መገናኛ ተዛመተና ነገሩን ከነበረበት የባሰ አወሳሰበው። ሦስቱም ዜናዎች «ጨረቃ» በሚል አንድ ቃል ተነገሩ። የተነገረላቸው ነገሮች ግን እርስ በርሳቸው እጅግ የተለያዩ ናቸው።

እስከ 2025 መጨረሻ ድረስ የነበረው መዝገብ የሚከተለውን ይመስላል (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሜርኩሪና ቬነስ ምንም የላቸውም። ምድር 1፣ ማርስ 2፣ ጁፒተር 97፣ ሳተርን 274፣ ዩራነስ 29፣ ኔፕቲዩን 16። ከ2006 ወዲህ ድንክ ፕላኔት የሚባለው ፕሉቶ 5 አለው፤ እርሱን ሳንጨምር ድምሩ ወደ 420 ይጠጋል። ከእነዚህ ውስጥ ከዘጠና በመቶ በላይ የሚሆነው እንደ ምድር ጨረቃ ድቡልቡል ሳይሆን ቅርጽ የለሽ ድንጋይ ወይም በረዶ መሆኑን ሳይናገሩ ቁጥሩን ብቻ መጥራት አንባቢን ያሳስታል።

ቃሉ ራሱ የሚያሳስተን

በአማርኛ ጨረቃ የአንዲት አካል የተጸውዖ ስም ነው ለማለት ይቻላል። ሠርቀ ሌሊቱና አበቅቴው የሚሰሉባት፣ የረመዳን ጾም መያዣና መፍቻ የምትጠበቅባት፣ ሌሊቱን የምታበራ እርሷ ናት። ስለዚህ 274 ጨረቃ ሲባል አእምሮ ወዲያው 274 ሙሉ ጨረቃ የተንጠለጠለበትን ሰማይ ይስላል። የዘርፉ ባለሙያዎች ሳተላይት የሚለውን ቃል ይመርጣሉ፤ ትርጉሙም በሌላ አካል ዙሪያ የሚዞር ማለት ነው። እኛ ዘንድ ግን ሳተላይት ሲባል የሚታሰበው በቤት ጣራ ላይ የተተከለው ሳሕን፣ ከፍ ሲልም በ2019 ወደ ህዋ የተላከችው የኢትዮጵያ ሳተላይት ነው። ሁለቱም ቃላት እንከን አላቸው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ጨረቃ የሚባለው ፀሐይን ሳይሆን ፕላኔትን ማዕከል አድርጎ በተረጋጋ ምሕዋር የሚዞር የተፈጥሮ አካል ሁሉ ነው። ምሕዋር የምንለው አንዱ አካል በሌላው ዙሪያ ሲሄድ የሚከተለውን መንገድ ነው።

ይህ ትርጉም ስለ መጠን ምንም አይናገርም። የጁፒተሩ ጋኒሜድ 5,268 ኪሎ ሜትር ስፋት ስላለው 4,879 ኪሎ ሜትር ስፋት ካላት ፕላኔት ከሜርኩሪ ይበልጣል። በሳተርን ቀለበት ውስጥ የሚዞረው ኢጂዮን ግን 1 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። በቆጠራው ላይ ሁለቱም እኩል አንድ አንድ ናቸው።

128ቱ እንዴት በአንድ ጊዜ ተገኙ?

በአንድ ሌሊት የተገኙ አይደሉም። በታይዋን የምርምር ተቋም ውስጥ በሚሠራው በኤድዋርድ አሽተን የተመራ ቡድን ከ2019 እስከ 2021 ባለው ጊዜ በሃዋይ ማውና ኬያ ተራራ ላይ በሚገኘው የካናዳ፣ የፈረንሳይና የሃዋይ የጋራ ቴሌስኮፕ የሳተርንን ዙሪያ ሲቃኝ ነበር። ከዚያ ሥራ 62 ጨረቃዎች ተመዘገቡ። ሌሎች በርካታ ነጥቦችም ታይተው ነበር፤ ምሕዋራቸው ስላልተረጋገጠ ግን ተንጠልጥለው ቀሩ። ቡድኑ በ2023 ለሦስት ተከታታይ ወራት ወደዚያው የሰማይ ክፍል ተመልሶ ክትትሉን ሲጨርስ 128ቱ ተረጋገጡ። ውጤቱ በመዝገብ ላይ የሰፈረው ደግሞ በአንድ ቀን ነው። ዜናው ድንገተኛ የመሰለው በዚህ ምክንያት ነው።

ዘዴው ቀላል ብልሃት ያለበት ነው። ጥቂት ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ጠቆር ያለ ድንጋይ ከሳተርን ርቀት የሚልከው ብርሃን እጅግ ጥቂት ስለሆነ በአንድ ፎቶግራፍ ላይ አይታይም። የካሜራውን መክፈቻ ለረጅም ጊዜ ክፍት ማድረግም አይረዳም፤ ድንጋዩ ስለሚንቀሳቀስ ብርሃኑ ተበትኖ ይጠፋል። ስለዚህ በተከታታይ ብዙ ፎቶግራፎች ይነሡና ኮምፒውተር እያንዳንዱን ፎቶ ሳተርን በሰማይ ላይ በሚጓዝበት ፍጥነት ልክ ፈቀቅ እያደረገ አንዱን በሌላው ላይ ይደርበዋል። በተደረበው ምስል ላይ ከዋክብት ረጅም ሰረዝ ይሆናሉ። ከሳተርን ጋር የሚጓዘው አካል ግን በአንድ ቦታ ላይ እየተጠራቀመ ደብዘዝ ያለች ነጥብ ሆኖ ብቅ ይላል።

ነጥብ መታየቱ ብቻ አይበቃም። ከሳተርን ጋር የሚጓዝ እንጂ በአጋጣሚ በፊቱ የሚያልፍ አስትሮይድ፣ ማለትም ፀሐይን የሚዞር ድንጋያማ አካል፣ አለመሆኑ በወራት ወይም በዓመታት ክትትል መረጋገጥ አለበት። ክትትሉ ከተቋረጠ የተገኘውም ይጠፋል። የጁፒተሩ ቴሚስቶ በ1975 ታይቶ ጠፋ፤ ዳግመኛ የተገኘው ከ25 ዓመት በኋላ በ2000 ነው።

የመሣሪያውም አቅም ወሳኝ ነው። የማውና ኬያው ቴሌስኮፕ መስተዋት 3.6 ሜትር ገደማ ስፋት አለው። በእንጦጦ ተራራ ላይ ያሉት ሁለቱ ቴሌስኮፖች እያንዳንዳቸው ባለ 1 ሜትር ስለሆኑ የሃዋዩ በአንድ ጊዜ የሚሰበስበው ብርሃን ከእንጦጦው አሥራ ሦስት እጥፍ ያህል ነው ማለት ነው። የዩራነስ ሃያ ዘጠነኛዋ ጨረቃ ደግሞ ከምድር ላይ ሳይሆን በየካቲት 2025 በጄምስ ዌብ የህዋ ቴሌስኮፕ በተነሡ ምስሎች ላይ ተገኘች። ስፋቷ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ይገመታል። ቮዬጀር 2 የተሰኘችው መንኮራኩር በ1986 በዩራነስ አጠገብ ስታልፍ ይህችን አላየቻትም።

በመሆኑም ቁጥሩ የሰማዩን ብቻ ሳይሆን የመሣሪያውንም ታሪክ ይናገራል። ጋሊሊዮ በጥር 1610 የጁፒተርን አራት ጨረቃዎች አየ። የቮዬጀር መንኮራኩሮች በ1979 ካለፉ በኋላ ቁጥሩ 16 ደረሰ። እስከ 1990ዎቹ መጨረሻ ድረስ በየትምህርት ቤቱ «ጁፒተር 16 ጨረቃ አለው» ተብሎ ተሸመደደ። ያን የሸመደደ ተማሪ የተማረው ስሕተት አልነበረም። ስሕተቱ መጽሐፉ «እስካሁን የታወቁት» የሚለውን ሐረግ መዝለሉ ላይ ነው።

ከየት መጡ?

የምድር ጨረቃ ብቸኛና ለየት ያለች ናት። በሰፊው ተቀባይነት ያገኘው ማብራሪያ ማርስን የሚያክል አካል ከገና ጨቅላዋ ምድር ጋር ተላትሞ ከተበተነው ፍርስራሽ ተሠራች የሚል ነው። የአፖሎ ተጓዦች ያመጡት 382 ኪሎ ግራም ገደማ ድንጋይና አፈር ከምድር ድንጋይ ጋር ያለው የቅርብ ዝምድና ይህን ሐሳብ ይደግፋል። ተቺዎች ግን ዝምድናው ከመጠን በላይ መቅረቡን ራሱን እንደ ችግር ያነሡታል። የተላተመው አካል ከሌላ ቦታ ከመጣ የራሱን አሻራ መተው ነበረበት ይላሉ። ክርክሩ ስለ ግጭቱ ዓይነትና ኃይል ነው እንጂ ግጭት መኖሩን የሚክዱት ጥቂቶች ናቸው።

የጁፒተር አራቱ ታላላቆችና የሳተርኑ ቲታን ሌላ ልደት አላቸው። ፕላኔቱ ሲፈጠር በወገቡ ዙሪያ ከተሽከረከረው የጋዝና የአቧራ ዝርግ ነው የተጋገሩት፤ በፀሐይ ዙሪያ ፕላኔቶች እንደተፈጠሩት በአነስተኛ መጠን። እነዚህ መደበኛ ጨረቃዎች ይባላሉ፤ ለፕላኔታቸው ቀረብ ብለው፣ በወገቡ ትይዩ፣ እርሱ በሚሽከረከርበት አቅጣጫ ይዞራሉ።

አዲሶቹ 128ቱ በሙሉ ከሦስተኛው ወገን ናቸው፤ ኢመደበኛ ጨረቃዎች ይባላሉ። ቲታን ከሳተርን 1.2 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ላይ ሆኖ በ16 ቀን አንድ ዙር ሲጨርስ እነዚህ ከአሥር ሚሊዮን ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው፣ በተንጋደደና በተለጠጠ መንገድ፣ አብዛኞቹም ወደ ኋላ፣ ማለትም ከሳተርን እሽክርክሪት በተቃራኒ ይዞራሉ። ከፕላኔቱ ጋር የተወለደ አካል እንዲህ አይዞርም፤ እነዚህ ሌላ ቦታ ተወልደው በፕላኔቱ ስበት የተያዙ ምርኮኞች ናቸው። ከምርኮኞቹ ሁሉ ግዙፉ የኔፕቲዩኑ ትራይተን ነው፤ 2,700 ኪሎ ሜትር ስፋት ይዞ ወደ ኋላ ይዞራል።

ምርኮ ግን በቀላሉ አይገኝም። ከሩቅ የመጣ ድንጋይ ወደ ፕላኔት ሲቀርብ ፍጥነት ይጨምራል፤ በዚያው ፍጥነትም ተመልሶ ያመልጣል። እንዲቀር ከተፈለገ ፍጥነቱን የሚቀንስ ነገር ያስፈልገዋል፤ ወይ የጋዝ መጎተት፣ ወይ ከሌላ አካል ጋር መላተም፣ ወይ መገፋፋት። ይህ ሁሉ በብዛት የነበረው በሥርዓተ ፀሐይ የጨቅላነት ዘመን ስለሆነ ምርኮው የተፈጸመው ያኔ ነው ተብሎ ይታመናል።

ሳተርን ጁፒተርን የበለጠው ለምንድን ነው?

ጁፒተር በክብደት ሳተርንን ከሦስት እጥፍ በላይ ይበልጣል። ታዲያ ብዙ ጨረቃ ሊኖረው አይገባም ነበር? አንዱ መልስ ርቀት ነው። አንድ ፕላኔት ጨረቃን አስሮ ሊያቆይ የሚችልበት የግዛት ወሰን አለው፤ ከዚያ ካለፈ የፀሐይ ስበት ይነጥቀዋል። ይህ ወሰን የሂል ክልል ይባላል። ፕላኔቱ ከፀሐይ በራቀ መጠን የፀሐይ ጉተታ ስለሚደክም ክልሉ ይሰፋል። የጁፒተር 53 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን የሳተርን 65 ሚሊዮን ይደርሳል። የምድር 1.5 ሚሊዮን ብቻ ነው። የሜርኩሪ ደግሞ ሁለት መቶ ሺህ ገደማ ቢሆን ነው፤ ባዶ መቅረቷም በአብዛኛው በዚህ ይገለጻል። ስለ ቬነስ የሚሰጠው ማብራሪያ ግን አንድ አይደለም። አንዳንዶች ከመጀመሪያው አልነበራትም ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ ነበራት፣ ግን ፕላኔቷ በጣም ቀስ ብላ ስለምትሽከረከር የእርስ በርስ ጉተታው ጨረቃዋን ወደ ውስጥ ስቦ አጠፋባት ይላሉ።

የክልል ስፋት ብቻውን ግን 274ን አያብራራም፤ እንዲያ ቢሆን ከሁሉም የሰፋ ክልል ያለው ኔፕቲዩን ቀዳሚ በሆነ ነበር። የአሽተን ቡድን የሚያቀርበው ማብራሪያ ግጭት ነው። በአዲሶቹ ጨረቃዎች ውስጥ ተመሳሳይ ምሕዋር ይዘው የተሰበሰቡ ብዙ ናቸው፤ በተለይ ሙንዲልፋሪ በተባለው ጨረቃ ዙሪያ። ትንንሾቹ ደግሞ ከትልልቆቹ ጋር ሲነጻጸሩ ከሚጠበቀው በላይ በዝተዋል። አንድ ትልቅ ሸክላ ሲሰበር ጥቂት ትልልቅ ገልና እልፍ ስብርባሪ እንደሚተው፣ ይህም በቅርቡ የተሰበረ ነገር እንዳለ ያመለክታል። በቅርቡ ሲሉ ባለፉት 100 ሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ማለታቸው ነው፤ ከሥርዓተ ፀሐይ 4.5 ቢሊዮን ዓመት ዕድሜ አንጻር ትናንት እንደ ማለት ነው።

የጥርጣሬው ወገን ይህ የፍለጋ አድልዎ ሊሆን ይችላል ይላል። ጁፒተር ይበልጥ ስለሚያበራና ለእኛ ስለሚቀርብ የሚፈተሸው የሰማይ ስፋት ይበዛል፣ ያን ያህል በጥልቀት የፈለገውም የለም። መከራከሪያው እውነትነት አለው። ይሁን እንጂ ሳተርን ከጁፒተር ሁለት እጥፍ ያህል ስለሚርቅ በዙሪያው ያለው ተመሳሳይ ድንጋይ እጅግ ፈዝዞ ነው የሚታየው። አስቸጋሪ በሆነው ቦታ ብዙ መገኘቱ የሳተርን ብልጫ የመሣሪያ ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ያሳያል።

ግማሽ ፊቱ የጠቆረው ያፔተስ

እነዚህ ድንጋዮች ምን ይጠቅማሉ ለሚል ጥያቄ ጥሩው መልስ ያፔተስ ነው። የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ጆቫኒ ካሲኒ በ1671 ያፔተስን ከሳተርን በስተ ምዕራብ በኩል አገኘው። ጨረቃው ዞሮ በምሥራቅ በኩል መታየት ሲገባው ግን ጠፋበት። ካሲኒ አንዱ ፊቱ ብሩህ፣ ሌላው ጥቁር ቢሆን ነው፤ ሁልጊዜም ለሳተርን አንድ ፊቱን ብቻ ያሳያል ብሎ ገመተ። በምሥራቅ በኩል ያየው የተሻለ ቴሌስኮፕ ካገኘ በኋላ በ1705 ነው። ግምቱ ትክክል ነበር፤ ጥቁረቱ ከየት እንደመጣ ግን ለሦስት መቶ ዓመታት ሲያከራክር ኖረ።

በሰኔ 2004 በካሲኒ ስም የተሰየመችው መንኮራኩር ወደ ሳተርን ስትገባ ፊቢ በተባለው 213 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ባለው ኢመደበኛ ጨረቃ አጠገብ አለፈች። ፊቱ እንደ ከሰል የጠቆረ፣ በግጭት ጉድጓዶች የተበሳሳ ሆኖ ተገኘ። በ2009 ደግሞ ስፒትዘር የተባለው የህዋ ቴሌስኮፕ በፊቢ ምሕዋር ላይ የተዘረጋ የአቧራ ቀለበት አየ። ቀለበቱ በዓይን የሚታይ ቢሆን ኖሮ በሌሊት ሰማይ ላይ በሳተርን ግራና ቀኝ አንድ አንድ ሙሉ ጨረቃ የሚያክል ስፋት በያዘ ነበር። ፊቢ ወደ ኋላ ስለሚዞር አቧራውም ወደ ኋላ ይዞራል፤ ያፔተስ ግን ወደ ፊት ይሄዳል። በአቧራ መንገድ የሚበር መኪና የፊት መስተዋቱ እንደሚቆሽሽ ሁሉ የያፔተስም ወደ ፊት የዞረው ገጽ ብቻ ይጠቁራል። ከዚያም የጠቆረው ፊት የፀሐይን ሙቀት አብዝቶ ስለሚይዝ በረዶው ይተንና በሌላው ፊት ላይ ይጋገራል። ጥቁሩ ይበልጥ ይጠቁራል፣ ነጩም ይበልጥ ይነጣል። የአንድ ትንሽ ምርኮኛ አቧራ 1,470 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለውን ጎረቤቱን ለሁለት ከፍሎ ቀባው ማለት ነው።

የምድር «ሁለተኛ ጨረቃ»

በነሐሴ 2025 በሃዋይ የሚገኘው የፓን ስታርስ የሰማይ ቅኝት አንድ ትንሽ አስትሮይድ አገኘ፤ መለያው 2025 ፒኤን7 ይባላል፤ ስፋቱ 20 ሜትር ገደማ ነው። ይህ አካል ምድርን አይዞርም። የሚዞረው ፀሐይን ነው፤ ልክ እንደ ምድር በአንድ ዓመት ይጨርሳል። በአንድ ስታዲየም ውስጥ ሁለት ሯጮች እኩል ሰዓት ያላቸው ይሁኑ፤ አንደኛው መሙን ጠብቆ በእኩል ፍጥነት ሲሮጥ ሁለተኛው አንዴ ወደ ውስጥ ገብቶ ይፈጥናል፣ አንዴ ወደ ውጭ ወጥቶ ይዘገያል። የመጀመሪያው ሯጭ ዞር ዞር ብሎ ሲያየው ጓደኛው በዙሪያው እየዞረ ይመስለዋል። ሁለቱም ግን የሚዞሩት ሜዳውን ነው። እንዲህ ያለው አካል መሳይ ጨረቃ ይባላል። ስሌቱ እንደሚያሳየው ከ1960ዎቹ ጀምሮ አብሮን ነበር፤ በ2083 ገደማ ይለየናል። የውቅያኖስ ሞገድን አይጨምርም፣ አቆጣጠርንም አያዛባም።

ከዚህ የሚለየው ጊዜያዊ ጨረቃ ነው። በ2006 የተገኘ ጥቂት ሜትር ስፋት ያለው ድንጋይ እስከ 2007 አጋማሽ ድረስ በእርግጥ ምድርን ሲዞር ቆይቶ ሄደ። እርሱን ጨረቃ ማለት ያስኬድ ነበር፤ ግን እንግዳ እንጂ ነዋሪ አልነበረም።

በዚህ ግርግር የተወለደ አንድ ስም መጥቀስ ያዝናናል። ቬነስ ጨረቃ የላትም፤ መሳይ ጨረቃ ግን አላት፤ በ2002 ተገኝቶ በዓመተ ምሕረቱና በላቲን ፊደላት የተመዘገበ አስትሮይድ ነው። የልጆች ፖስተር የሠራ አንድ ሠዓሊ በመለያው ላይ ያለውን «2002VE» ቁጥሮቹን እንደ ፊደል አንብቦ «ZOOZVE» (ዙዝቬ) ብሎ ጻፈ። ስሕተቱ በኋላ በአሜሪካ የራዲዮ ጋዜጠኛ ተደረሰበት፤ በ2024 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ዙዝቬን የአስትሮይዱ ይፋዊ ስም አድርጎ አጸደቀው።

ወሰኑ የት ይሁን?

ይኸው ኅብረት በ2006 ፕራግ ላይ ለፕላኔት ትርጉም ሲያወጣ ለጨረቃ ግን ዝቅተኛ መጠን አልወሰነም። ክፍተቱ በሳተርን ጎልቶ ይታያል። ቀለበቶቹ ከአሸዋ ቅንጣት እስከ ቤት የሚያክሉ የበረዶ ቁርጥራጮች ናቸው፤ እያንዳንዱም በራሱ ምሕዋር ሳተርንን ይዞራል። ትርጉሙ በጥሬው ቢወሰድ ሳተርን ስፍር ቁጥር የሌለው ጨረቃ አለው።

አንዱ ወገን እንደ 1 ኪሎ ሜትር ያለ ወለል ይቀመጥ ይላል። ሥራን ያቀልላል፤ ነገር ግን ስፋታቸው የሚገመተው ከብርሃናቸው ስለሆነ በወለሉ አካባቢ ያለው ሁሉ አንድ ጊዜ ጨረቃ ሌላ ጊዜ ድንጋይ እየተባለ ይዋልላል። ሌላው ወገን ምሕዋሩ ተለይቶ ሊታወቅ የቻለ ሁሉ ይቆጠር ይላል። በተግባር የሚሠራው ይህ ነው፤ ለእኔም ይህ ይሻለኛል፤ በሕዝብ ዘንድ ግን ቁጥሩን ሁሉ «ጨረቃ» ብሎ ከመደመር መደበኛና ኢመደበኛ ብሎ ለይቶ መናገር ነው የሚያዋጣው። ሳተርን ሁለት ደርዘን ያህል መደበኛ ጨረቃና 250 ገደማ የግጭት ፍርስራሽ አለው ቢባል አንባቢ የተሻለ ምስል ይዞ ይሄዳል።

የምርምር ገንዘቡ ይህን ልዩነት ካወቀው ቆይቷል። በ2023 የተነሣው የአውሮፓ ጁስ ወደ ጋኒሜድ፣ በ2024 የተነሣው የአሜሪካ ዩሮፓ ክሊፐር ወደ ዩሮፓ እያመሩ ነው፤ ድራጎንፍላይ የተባለች በራሪ ደግሞ ለቲታን እየተዘጋጀች ነው። ከበረዶ በታች ያለ ውቅያኖስና ለሕይወት የሚሆን ኬሚስትሪ የሚፈለገው በእነዚህ በትልልቆቹ ነው። ወደ 128ቱ የሚሄድ የለም።

ቁጥሩ መጨመሩ ግን አይቀርም። በቺሊ የሚገኘው ባለ 8.4 ሜትሩ የቬራ ሩቢን መመልከቻ በሰኔ 2025 የመጀመሪያ ምስሎቹን አውጥቷል። የአሽተን ቡድን ራሱ በ2020 ባቀረበው ግምት ጁፒተር ከ800 ሜትር በላይ የሆኑ ወደ ኋላ የሚዞሩ ጨረቃዎች ብቻ 600 ገደማ ሊኖሩት ይችላል። እነዚህ አንድ ቀን ተለይተው ቢመዘገቡ «ጁፒተር ዘውዱን መለሰ» የሚል ርእስ መነበቡ አይቀርም። ያኔ መጠየቅ ያለበት ከስንት ሜትር ጀምሮ ተቆጠረ የሚለው ነው፤ ከ3 ኪሎ ሜትር ገደማ በላይ ያሉት ብቻ ከተወዳደሩ ሳተርን አሁን ባለው ግምት ጁፒተርን በሦስት እጥፍ ያህል ይበልጣል።